ልጁ ዛሬ ማታ የት ያድራል? በፌዴራልና በክልል የዳኝነት ሥልጣን መካከል ስለሚገኙ ወጣት ጥፋተኞች

የዛሬው ርእሴ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ በሆነው በመናኸሪያ የሚያልፍ ሁሉ በየቀኑ አጠገቡን ያልፋል። አንድ የ13 ዓመት ልጅ እናስብ። ሻሸመኔ ላይ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ከተቀመጠ መንገደኛ ኪስ ስልክ አወጣ። ባለስልኩ ነገሩን ያወቀው ሐዋሳ ሲወርድ ነው። ጮኸ፤ ረዳቱና ተራ አስከባሪው ልጁን ያዙት፤ ፖሊስ መጣ። ከሻሸመኔ እስከ ሐዋሳ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቡና ተቆልቶ ሦስተኛው ሳይጠጣ የሚያልቅ መንገድ። በዚያች አጭር ጉዞ ግን ልጁ ከኦሮሚያ ክልል ተነሥቶ ሲዳማ ክልል ገብቷል። ስልኩ የተወሰደው በአንዱ ክልል፣ የተገኘው በሌላው ነው። ወላጆቹ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ፣ ወላይታ ውስጥ ቢሆኑ ሦስተኛ ክልል ይጨመራል፤ ወላይታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነውና። ታዲያ ይህን ልጅ የመዳኘት ሥልጣን የማን ነው? የሲዳማ ነው? የኦሮሚያ ነው? ወይስ ሁለት ክልሎችን ስለነካ የፌዴራል ነው? መሥሪያ ቤቶቹ በእነዚህ ጥያቄዎች ሲጻጻፉ ግን ፀሐይ ታቆለቁላለች፤ ያን ጊዜ ማንም ሊያልፈው የማይችል ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ልጁ ዛሬ ማታ የት ያድራል?

የምከራከርለት ነገር ይህ የመጨረሻው ጥያቄ መጀመሪያ መመለስ አለበት የሚል ነው። ዐዋቂ ሰው ሲከሰስ የሥልጣን ጥያቄ ይቀድማል፤ ሥልጣን የሌለው ዳኛ የሰጠው ፍርድ ዋጋ የለውምና። ለልጅ ግን ሕጋችን ሌላ ቅደም ተከተል አስቀምጧል። መጀመሪያ በአቅራቢያው ያለ ዳኛ ልጁን በዐይኑ ይይ፣ ለወላጅ ወይም ለታመነ ሰው ያስረክብ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ይመርመር። ይህ ከርኅራኄ ብቻ የመጣ ምኞት አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቃል ነው። ፌዴራላዊ ሥርዓት ከመጣ በኋላ ያ ቃል በሥልጣን ክፍፍል ተሸፈነ እንጂ አልተሻረም፤ የዛሬው ንግግሬ ሸክም ይህን ማሳየት ነው።

ሕጉን ቀረብ ብለን እንየው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 171 እስከ 180 ድረስ ያለውን ክፍል ለወጣት ጥፋተኞች ለይቶ መድቧል። አንቀጽ 172 ልጁን ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ወላጅ፣ አሳዳጊ ወይም ከሳሹ ራሱ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኘው ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያዛል። ሁለት ቃላት ልብ ይባሉልኝ፤ «ወዲያውኑ» እና «በአቅራቢያው»። አንዱ የጊዜ፣ ሁለተኛው የቦታ ቃል ነው፤ የወንጀሉን ዓይነት የሚጠይቅ ቃል ግን በመካከላቸው አልገባም። ሕግ አውጪው የወንጀሉ ክብደት ሳይታየው ቀርቶ አይደለም። ድርጊቱ ከ10 ዓመት በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ከሆነ ያው የወረዳ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ክስ እንዲያዘጋጅ ያዛል ይላል። ጉዳዩ የሚቀጠር ወይም ወደ በላይ ፍርድ ቤት የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነዚህ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን ሊያቀርበው ኃላፊነት ለሚወስድ የታመነ ሰው ይሰጣል። እንግዲህ በሕጉ አሳብ የሚተላለፈው መዝገቡ ነው። ልጁ ቤቱ ይገባል፣ መዝገቡ ይጓዛል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ መዝገቡ ሥልጣን እስኪለይ አንድ ቢሮ ይቀመጣል፣ ልጁ ከጣቢያ ጣቢያ ይጓዛል።

ይህ ሕግ ሲወጣ የዛሬው የፌዴራልና የክልል የሥልጣን ክፍፍል አልነበረም። «በአቅራቢያው ያለ ፍርድ ቤት» ሲባል የትኛው መንግሥት ፍርድ ቤት ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ዙፋን ስም ይፈርድ ነበርና። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የዳኝነት ሥልጣንን በፌዴራልና በክልል ከፈለው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25፣ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1234 ቢተካም፣ መንገዱን የቀየሰው እርሱ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ከሕጉ ዓይነት፣ ከተከራካሪዎቹ ማንነትና ከቦታው እንደሚመነጭ ደነገገ። በወንጀል በኩል ከዘረዘራቸው መካከል ሐሰተኛ ገንዘብ፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚያገለግል የመገናኛ አገልግሎት ደኅንነት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር፣ የውጭ አገር ዜጋ የሚገኝበት ወንጀል፣ እንዲሁም በልዩ ልዩ ክልሎች ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ወንጀል ይገኛሉ። ዝርዝሩ የተጻፈው ዐዋቂዎችን በማሰብ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሐሰተኛ ብር የሚያትምን፣ ዕፅ የሚያስተላልፍን፣ ከክልል ክልል እየዘለለ የሚዘርፍን ሰው አንድ ክልል ብቻውን ሊይዘው አይችልም፤ ስለዚህ የጋራው መንግሥት ይያዘው ማለት ተገቢ ነበር።

አሁን ግን ይህንኑ ዝርዝር በመናኸሪያ ዙሪያ ለሚውሉ ልጆች እናንብበው። ጫማ የሚጠርግ፣ ቆሎና ማስቲካ የሚያዞር፣ ሻንጣ የሚሸከም ልጅ ከአገሩ ሰው ስልክ ቢሰርቅ ጉዳዩ የክልል ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ያንኑ ዓይነት ስልክ ከውጭ አገር ጎብኚ ቢነጥቅ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ያመራል። ለቁራሌ የሚሸጥ የመዳብ ሽቦ ሲፈልግ የተጣለ ብረት ቆርጦ ቢወስድ የክልል ነው፤ የቆረጠው ገመድ ክልሎችን የሚያገናኝ የስልክ መሥመር ሆኖ ቢገኝ የፌዴራል ነው። አንድ ሰው ዳቦ ግዛልኝ ብሎ የሰጠው የ200 ብር ኖት ሐሰተኛ ቢሆን፣ ልጁ በአገሪቱ የገንዘብ ሥርዓት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ሊጠረጠር ነው። በእነዚህ ሁሉ ሁኔታዎች ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ዕድሜው፣ ረኃቡ፣ የሚያስፈልገው ተግሣጽና እንክብካቤ አንድ ነው። የተለያየው ልጁ የማያውቀውና ሊያውቀው የማይችለው ነገር ነው፤ የተበዳዩ ፓስፖርት፣ የሽቦው ባለቤት፣ የብሩ ወረቀት።

ልዩነቱ ውጤት ባይኖረው ኖሮ ስም ብቻ ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ውጤት ግን አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 80 እንደሚለው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት ባልተቋቋመበት ቦታ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም ሲወሰን፣ ያን ጊዜ ሐዋሳ ዋና ከተማው የነበረችው የደቡብ ክልል አንዱ ነበር። የዚህ አደረጃጀት ትርጉም ለልጁ ምንድን ነው? ጉዳዩ የክልል ቢሆን በወረዳ ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ፌዴራል ከተባለ ግን ቢያንስ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ይግባኙም እንዲሁ ይርቃል፤ ከክልሉ ከፍተኛ ወደ ክልሉ ጠቅላይ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወዳለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የስልክ ሌባ ተብሎ የተያዘ የ13 ዓመት ልጅ እናት ያን መንገድ ስንት ጊዜ ትመላለሳለች?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ሲል፣ ለጉዞ የሚያስፈልገውን ምክንያታዊ ጊዜ ከቁጥር ውጭ አድርጓል። ለዐዋቂ እስረኛ ይህ መንገድ የራቀበትን አገር ያገናዘበ ደንብ ነው። ለልጅ ግን ከባድ ቀዳዳ ይሆናል፤ ፍርድ ቤቱ በራቀ ቁጥር የማይቆጠረው ሰዓት ይረዝማልና። አንቀጽ 172 «በአቅራቢያው» ያለው ይህን ቀዳዳ አስቀድሞ የደፈነ ቃል ነው። በአቅራቢያው ላለ ፍርድ ቤት የሚቆጠር የጉዞ ጊዜ የለም፤ ከመናኸሪያ ተነሥቶ በእግር የሚደረስበት ዳኛ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚያነሡትን የቦታ ጥያቄ ልመልስ። ሐዋሳ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ተቋማት የያዟቸው ግቢዎች አሉ፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አውሮፕላን ማረፊያው። አንድ ልጅ የፓርኩን አጥር ዘልሎ ጨርቅ ይዞ ቢወጣ «በፌዴራል መሬት ላይ» ጥፋት ፈጸመ፣ ስለዚህ የክልሉ ዳኛ አይመለከተውም ይባላል? በእኔ ንባብ አይባልም። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ፌዴራሉ ሕጉን ያወጣል፣ ክልሉ በሕጉ መሠረት ያስተዳድራል። ቦታ በራሱ የፌዴራል ዳኝነት መሠረት የሚሆነው በሕገ መንግሥት ወይም በሕግ ሲሰየም ነው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የፋብሪካ አጥር እንዲህ ያለ ድንበር አይደለም። አጥሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ደመወዙን ከየትም ያግኝ፣ የያዘውን ልጅ ማስረከብ ያለበት ለቅርቡ ዳኛ ነው።

የአሜሪካን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት የሚጠቅመው እነርሱ ይህን ስሕተት በሰፊው ስላዩት ነው። በዚያ አገር አንዳንድ የጦር ሰፈሮችና የፌዴራል ይዞታዎች ሙሉ በሙሉ በፌዴራል ዳኝነት ሥር የወደቁ ናቸው፤ የግዛቱ ዳኛ አጥሩን አልፎ ሊፈርድ አይችልም። የፌዴራሉ መንግሥት ግን የራሱ የሕፃናት ፍርድ ቤት የለውም፤ ወጣቶችን የሚያርምበት የራሱ ተቋምም ስለሌለው በውል ከሌሎች ይከራያል። በዚህ ምክንያት በሰፈሩ ውስጥ የሚያጠፋ የወታደር ልጅ ጉዳይ ከሁለት አንዱ ይገጥመው ነበር፤ ወይ ተሸፋፍኖ ይቀራል፣ የተበደለው ልጅም ፍትሕ ያጣል፤ ወይ ደግሞ ለዐዋቂ በተሠራ ፍርድ ቤት ይታያል። በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የፌዴራል የወጣት ጥፋተኞች ሕጋቸው የደረሰበት መፍትሔ ይህ ነው፤ ልጅን የሚመለከት ጉዳይ በመሠረቱ የግዛቱ ነው። ፌዴራሉ ጉዳዩን ለመያዝ ከፈለገ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት፤ ግዛቱ ሥልጣን የለውም ወይም አልቀበልም ብሏል፣ አለዚያም ለልጁ የሚሆን አገልግሎት የለውም፣ ወይም ወንጀሉ ከባድ ሆኖ ፌዴራሉን በእርግጥ የሚነካ ጥቅም አለ ብሎ። በቅርብ ዓመታትም በርከት ያሉ ግዛቶች የጦር ሰፈር ልጆችን ጉዳይ በጋራ ሥልጣን ለማየት ሕግ አውጥተዋል። ከዚህ የምንማረው አሠራሩን በሙሉ መቅዳትን አይደለም፤ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንደወደቀ ነው። ልጁን ከቅርቡ ዳኛ የሚያርቅ ወገን ምክንያቱን ይጻፍ።

ለእኛ ደግሞ አሳቡ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የቆየ ልማድ መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች «በሕግ አምላክ» ተባብለው አላፊ አግዳሚውን ዳኛ ያደርጉ ነበር። የመንገድ ዳኛው ነገሩን ሰምቶ፣ ዋስ አስጠርቶ፣ የሚያልቀውን ይጨርሳል፤ የማያልቀውን ወደ በላይ ዳኛ ያሳልፋል። ሲዳማም በሶንጎ፣ በአፊኒ ሥርዓቱ ነገር ከሥሩ ሳይርቅ ሽማግሌ እንዲሰማው ያደርጋል። የፍርድን ጥራት ከቅርበት ጋር አያይዞ ማየት በባህላችን ሥር ያለው ነገር ነው። የሽማግሌ ሸንጎ ለልጅ የወንጀል ጉዳይ ፍርድ ቤትን ይተካ ማለቴ አይደለም፤ ልጁ ጠበቃ፣ መዝገብና ይግባኝ ይገባዋልና። የመጀመሪያዋ ሰዓት የማን ትሁን ለሚለው ግን መልሱ ከጥንትም የቅርቡ ሰው ነበር።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልለፍ። አንደኛው የሕግ ወጥነት ይላላል የሚል ነው፤ የፌዴራል ወንጀልን እያንዳንዱ ወረዳ እንደመሰለው ከዳኘው አንድ ሕግ አይኖርም ይባላል። ይህ በአጭሩ ይመለሳል። የወንጀል ሕጋችን አንድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 የወንጀል ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶ ለክልል የተወው በዚያ ያልተሸፈነውን ብቻ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባ ልደታም ያው ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ልዩ እርምጃ ይወሰድበታል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ቢጠየቅም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ በሞት ግን ከቶ አይቀጣም። ለወጣት ጥፋተኛ የተዘረዘሩትም እርምጃዎች፣ ለሕክምና መላክ፣ በቅርብ ቁጥጥር ማሳደግ፣ ወቀሳና ተግሣጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ መላክ፣ የትኛውም ዳኛ ቢፈርድ አንድ ናቸው። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ የሚበዙት ልጁ ከሚኖርበት አካባቢ ውጭ ሊፈጸሙ የማይችሉ ናቸው። በቅርብ ቁጥጥር ማሳደግን ከ275 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ዳኛ እንዴት ያስፈጽማል?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ሐሰተኛ ብር የሚበትኑ፣ ዕፅ የሚያመላልሱ፣ ሰው የሚያዘዋውሩ ዐዋቂዎች ልጆችን መሣሪያ ያደርጋሉ፤ ሕጉ ለልጅ እንደሚራራ ስለሚያውቁ ዕቃውን በልጅ እጅ ያስይዛሉ። የልጁ ጉዳይ በወረዳ፣ የዋናው ሰው ጉዳይ በፌዴራል ከታየ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ የፌዴራሉ መርማሪ ልጁን ሳያገኝ ላኪው ያመልጣል። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ በማቃለል አይመለስም። ነገር ግን መርማሪው ከልጁ የሚፈልገውን ነገር በግልጽ እንለየው። የሚፈልገው ቃሉን ነው፤ ማን ሰጠህ፣ የት ተቀበልክ፣ ለማን ልታደርስ ነበር። ልጅ እውነቱን የሚናገረው ከማን ጋር ሆኖ ነው? ከዐዋቂ እስረኞች ጋር ሌሊቱን አድሮ፣ በማያውቀው ከተማ በማያውቀው ፖሊስ ፊት ቆሞ ነው? ወይስ ከእናቱ ወይም ከሚያምነው ሰው ጎን ተቀምጦ፣ በዝግ ችሎት፣ ዳኛው በቀስታ ሲጠይቀው? የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 176 የወጣት ጉዳይ በዝግ ችሎት ያለ ወግና ማዕረግ ይታይ ያለው ለዚህም ይጠቅማል። ላኪው ልጁን የሚያስፈራራው ብቻውን ሲያገኘው ነው፤ ጣቢያ ውስጥ የሚታጎር ልጅ ደግሞ ከላኪው ሰዎች ጋር ሊታጎር ይችላል። ስለዚህ የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ሐዋሳ ይምጣ፤ በቅርቡ ፍርድ ቤት የልጁን ቃል ይቀበል፤ በላኪው ላይ የሚመሠርተውን ክስ በራሱ ፍርድ ቤት ያካሂድ። አንድ ድርጊት ሁለት መዝገብ መሆኑ ችግር አይደለም፤ ልጅና ዐዋቂ በአንድ የተከሳሽ ሣጥን መቆማቸው ግን ችግር ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የፌዴራል ጥቅም በእርግጥ ልጁን ራሱን ወደ በላይ ፍርድ ቤት ማቅረብን የሚጠይቅበት ጥቂት ጉዳይ ሊኖር ይችላል። ይኑር፤ ግን ምክንያቱ በጽሑፍ ቀርቦ፣ የቅርቡ ዳኛ ሰምቶት፣ ልጁ በአንቀጽ 172 መሠረት በዋስ እጅ ሆኖ ይሁን።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቋንቋ ነው። ወላይትኛ ወይም ሀድይኛ የሚናገር ልጅ ሐዋሳ ቢዳኝ አይሰማም ይባላል፤ ሻሸመኔ የተያዘ የሲዳማ ልጅም እንዲሁ። እውነት ነው። መፍትሔው ግን ልጁን ቋንቋው ወዳለበት ማዛወር ሳይሆን፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 እንዳዘዘው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ማቅረብ ነው። መናኸሪያ ደግሞ በዚህ በኩል የታደለ ሰፈር ነው፤ በአንድ ጠዋት የደቡቡን ቋንቋ ሁሉ የምትሰማበት ቦታ ነው።

የክልል ድንበሮች መብዛት ነገሩን አጣዳፊ አድርጎታል። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ ተነሥቶ ሐዋሳ የሚመጣ ልጅ በአንድ ክልል ውስጥ ከዞን ዞን ይጓዝ ነበር። በዚያ ዓመት ሲዳማ ክልል ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. የቀረው የደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። ሕዝብ ራሱን ለማስተዳደር የወሰነውን ውሳኔ የሚነካ ቃል የለኝም። ነገር ግን የልጆቹ መንገድ አልተለወጠም፤ ትናንት በአንድ ክልል ውስጥ የነበረች ጥፋት ዛሬ «በልዩ ልዩ ክልሎች» የምትባል ሆናለች። ልጁ አንዳች አዲስ ነገር ሳያደርግ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ተጠግቷል። የቅርቡ ዳኛ ይቅደም የሚለው ደንብ ካልተያዘ፣ እያንዳንዱ አዲስ ድንበር «የአብዬን ወደ እምዬ» ለማለት ምክንያት ይሆናል፤ አንዱ ፖሊስ ለሌላው፣ አንዱ ዐቃቤ ሕግ ለሌላው ልጁን ያሳልፈዋል።

አራተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ ብዙ ሐቅም አለው። ወረዳ ፍርድ ቤት የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ የማኅበራዊ ጥናት ሠራተኛ፣ ለልጅ የሚመች ችሎት ከየት ያመጣል? በአዲስ አበባ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሕፃናት ችሎት አለው፤ ልደታ ያለውም የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ለረዥም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ኖሯል። ታዲያ ልጁ ባለሙያው ወዳለበት ቢሄድ አይሻልም? አይሻልም። አንደኛ፣ ሐዋሳ የተያዘ ልጅ ጉዳይ ፌዴራል ስለተባለ ብቻ ልደታ አይገባም፤ ያው ሐዋሳ ባለ ፍርድ ቤት በውክልና ይታያል እንጂ። ስለዚህ የደረጃው ከፍታ አገልግሎት አይጨምርለትም። ሁለተኛ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ጥቅም እንዲቀድም፣ በማረሚያ ያለም ልጅ ከዐዋቂ ተለይቶ እንዲያዝ አዝዟል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም እስራትን የመጨረሻ አማራጭ፣ ጊዜውንም አጭር አድርጎታል። ይህ ግዴታ ለፌዴራልም ለክልልም እኩል ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ የሕፃኑ ጥቅም ከወላጅ መብት እንኳ እንደሚቀድም ወስኗል፤ የሰበር ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። ያ ጉዳይ የአሳዳጊነት ክርክር ነበር፤ ግን የወላጅ መብት ለሕፃኑ ጥቅም ቦታ ከለቀቀ፣ የሁለት መሥሪያ ቤቶች የሥልጣን ድርሻ የማይለቅበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ጉድለት ግን በራሴ አሳብ ውስጥም አለ፤ መሸሸግ አይገባኝም። አንቀጽ 172 የሚጠብቀው ሕጉ ወጣት ጥፋተኛ የሚለውን፣ ከ9 እስከ 15 ያለውን ነው። የ16 ዓመት ልጅ በመደበኛው መንገድ ይሄዳል፤ ሕገ መንግሥቱና ስምምነቱ ግን እርሱንም ሕፃን ይሉታል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲታደስ ይህ ክፍተት ይዘጋ። እስከዚያው ደግሞ ዕድሜን ማረጋገጥ ራሱ ፈተና ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ዛሬ 14 ወይም 16 ዓመት የሚሆነው ልጅ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው፤ ኪሱ ውስጥ የልደት ወረቀት አይገኝም። ዕድሜውን የሚያውቀው ሰው ያደገበት መንደር ነው። ይህም ሌላ ምክንያት ነው፤ የልጁን እናት፣ የቀበሌውን ሰው፣ መምህሩን ሊጠራ የሚችለው ቅርብ ያለ ዳኛ ነውና።

የታመነ ሰው የሚለውም ቃል ሥራ ይጠይቃል። ዘመድ የሌለው ልጅ ማታ በሁለት ሰዓት ከአውቶቡስ ሲወርድ ተይዞ «የታመነ ሰው ይቅረብ» ቢባል ማን ይቀርባል? ይህ ሰው ልጁ ከተያዘ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም፤ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ክፍለ ከተማው ከእድሮች፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ፣ ከሶንጎ ሽማግሌዎች፣ ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር ተመካክሮ፣ ጠባያቸው ተጣርቶ ኃላፊነት የሚወስዱ ሰዎችን መዝግቦ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይበቃል።

ወጪውስ የማን ይሁን? ለዚህም ሕገ መንግሥቱ መልስ አዘጋጅቷል። አንቀጽ 79 የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራልን ሥልጣን ደርበው ሲሠሩ የተወካዮች ምክር ቤት የማካካሻ በጀት እንዲመድብ ያዛል። የፌዴራሉ መንግሥት የልጁን ጉዳይ «የእኔ ነው» ሲል፣ የአስተርጓሚው አበል፣ ልጁን ያሳደረው ሰው ወጪ፣ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሐዋሳ የእናቱ የአውቶቡስ ትኬት ደርሶ መልስ በዚያ በጀት ውስጥ ተጽፈው መታየት አለባቸው።